ለትንሽ ሬቮልቨር መለወጫ እጀታ ስለ መምረጥ

ከዊንጌት ተነሥቶ ወደ ቡራዩና ወደ አምቦ የሚወስደውን መንገድ ይዞ የሚሄድ ሰው የሚያልፍበት የአስኮ ሠፈር ስሙ ከጫማና ከቆዳ ሥራ ጋር ተያይዞ የሚነሣ ነው። ቀበቶ የሚሰፋ፣ የቢላዋ ሰገባ የሚቀድ፣ ለጥበቃ ሠራተኛ የሽጉጥ አፎት የሚያዘጋጅ ባለእጅ ባለበት ሁሉ፣ አንድ ቀን አንድ ደንበኛ ገብቶ «የአባቴ ሽጉጥ እጀታው ተሰነጠቀ፤ ሌላ ታገኝልኛለህ ወይ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ነገሩ ሁለት ጠፍጣፋ እንጨትና አንድ ብሎን ስለሆነ ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ሳያውቅ የሚያዝ ነጋዴ ሁለት ጊዜ ይከስራል፤ አንደኛ ልክ ያልሆነው ዕቃ በመደርደሪያ ላይ ገንዘቡን ይዞበት ይቀራል፤ ሁለተኛም እጀታው የተሠራበት ነገር በሕግ የተከለከለ ሆኖ ከተገኘ፣ ከገንዘቡ አልፎ በራሱ ላይ ክስ ያመጣል። ስለዚህ ጉዳዩ ትንሽ ቢመስልም ጠንቅቆ ማወቁ ለአስመጪውም ለባለሱቁም ይጠቅማል።

ከሁሉ አስቀድሞ የሕጉ ነገር ይቅደም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 መሣሪያ መያዝንም ሆነ በመሣሪያ መነገድን በፈቃድና በቁጥጥር ሥር አድርጎታል። የቆዳ ወይም የእንጨት ሥራ ፈቃድ ያለው ሰው በዚያው ፈቃድ የሰው ሽጉጥ ተቀብሎ በሱቁ ማሳደር እንደሚችል አድርጎ ማሰብ አይገባውም። ለዚህ የሚያዋጣው ዘዴ ቀላል ነው፤ እጀታው በአንድ ብሎን ብቻ የተያዘ እንደ መሆኑ መጠን፣ ባለንብረቱ በቤቱ ሆኖ ሽጉጡን ከጥይት ባዶ ካደረገና ባዶነቱንም ደግሞ ከተመለከተ በኋላ እጀታውን ብቻ ፈትቶ ያምጣ። ብረቱ ከቤት አይወጣም፤ ወደ ሱቅ የሚመጣው እንጨቱ ነው። አስመጪውም ቢሆን እጀታ ብቻውን እንደ መሣሪያ ክፍል ይቈጠር ወይም አይቈጠር እንደሆነ ዕቃው ከመጫኑ በፊት ለጉምሩክና ለፌዴራል ፖሊስ በጽሑፍ አመልክቶ መልሱን በእጁ ቢይዝ፣ ዕቃው መጋዘን ከገባ በኋላ ከሚመጣው ክርክር ይድናል። የቃል መልስ ግን በዚህ ጉዳይ ምንም አያገለግልም።

እጀታ አፈታቱም ሥርዓት አለው። ብዙ ጊዜ የሚሰበረው እጀታ በመውደቅ ሳይሆን ባለቤቱ በቢላዋ ጫፍ ፈልቅቆ ሊያወጣው ሲል ነው። ለብሎኑ ልክ የሆነ ካቻቢቴ ወስዶ ጥቂት ዙር ብቻ ማላላት፣ ከዚያም የብሎኑን ራስ በቀስታ መታ መታ ማድረግ ነው፤ ያን ጊዜ በሌላው ወገን ያለው ጠፍጣፋ ራሱ ከብረቱ ይላቀቃል። ጠርዙ በመፈልቀቂያ ከተነካ ግን የሚሰነጠቀው በደህናው በኩል ነው።

አሁን ወደ ልኩ እንመለስ። ትንሽ ሬቮልቨር የሚባለው ዓይነቱ አንድ ብቻ አይደለም። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ በ1950 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ ቺፍስ ስፔሻል የተሰኘውና 5 ጥይት የሚጎርሰው ሽጉጥ ጄ ፍሬም በሚባለው አጽም ላይ የተሠራ ነው። የኮልት ፋብሪካ ከ1927 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሸጠው ዲቴክቲቭ ስፔሻል ደግሞ 6 ጥይት ይጎርሳል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው በዐይኑ ሲያያቸው የአንዱ እጀታ ለሌላው የሚሆን ይመስለዋል፤ ግን አይሆንም። የስሚዝ ኤንድ ዌሰን እንኳ ከራሱ ጋር ሁልጊዜ አይስማማም፤ ለጄ ፍሬም የተሠራው ኬ ለሚባለው ከፍ ያለ አጽም አይገባም፤ ኬ እና ኤል የሚባሉት ግን እጀታቸው አንድ ልክ ነው። ሩገር ኤስ ፒ 101 የሚባለው ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወዲህ የመጣ ሽጉጥ ደግሞ ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነው፤ ከውስጡ ያለው ብረት የእጅ ቅርጽ የሌለው አጭር ችካል ስለሆነ፣ በሁለት ወገን የሚለጠፍ ጠፍጣፋ ሳይሆን ችካሉን ሙሉ በሙሉ የሚያለብስ እጀታ ይፈልጋል።

በአንዱ አጽም ውስጥም ቢሆን የእጀታው ብረት ታች ጫፍ ክብ የሆነና አራት ማዕዘን የሆነ አለ። ይህ ልዩነት ብዙ ነጋዴ የሚወድቅበት ነው፤ ካታሎጉ ላይ የሚታየው ሥዕል የእንጨቱን ውጭ እንጂ የብረቱን ቅርጽ አያሳይምና። የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሽጉጥ ከሆነ ከ1957 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሠራው የሞዴል ቁጥሩ ጥይት የሚጎርሰው ተሽከርካሪው ክፍል ሲከፈት በሚታየው ብረት ላይ ተቀርጾ ይገኛል፤ ባለንብረቱ ያን ቁጥር በወረቀት ጽፎ ቢያመጣ ግማሹ ሥራ አለቀ ማለት ነው። ቁጥር በሌለበት ደግሞ ባለንብረቱ እጀታው የተነሣለትን ባዶ ብረት በነጭ ወረቀት ላይ አጋድሞ ዙሪያውን በቀጭን እርሳስ ይንደፍ፤ የብሎኑንም ቀዳዳና በታች በኩል እጀታው እንዳይንሸራተት የሚይዘውን ትንሽ የብረት እሾህ ቦታ ምልክት ያድርግ። የዚህች እሾህ ቦታ በጥቂት ከተዛባ እጀታው አይቀመጥም፤ በግድ ቢቀመጥም በብሎኑ ሲጠብቅ ከመካከሉ ይሰነጠቃል።

ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ለተላለፉት አሮጌ ሽጉጦች፣ ይኸውም ኢጣልያ በ1889 እ.ኤ.አ. ለጦሯ እንደ ተቀበለችው ቦዴዮ፣ ሩስያ በ1895 እ.ኤ.አ. እንደ ተቀበለችው ባለ 7 ጥይት ናጋን፣ እንደ እንግሊዞቹ ዌብሊና ኤንፊልድ ላሉት፣ ዝግጁ እጀታ እንደ ልብ ስለማይገኝ የሚያዋጣው አሮጌውን አይቶ በእጅ መቅረጽ ነው። ይህም ለአገር ባለእጅ የተተወ ሥራ ስለሆነ ከካታሎጉ ዕቃ ይልቅ ትርፍ ያለበት ይህኛው ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ልኩ ከታወቀ በኋላ የሚታየው የሰውየው እጅ ነው። የትንሽ ሽጉጥ ክብደት በአረብ ብረት የተሠራው ከግማሽ ኪሎ እምብዛም አይበልጥም፤ በአሉሚንየም ቅይጥ የተሠራው ከዚያም ብዙ ያነሰ ነው። መሣሪያው ቀለል ባለ ቍጥር ሲተኮስ ወደ ኋላ የሚመታው ግፊት እየባሰ ይሄዳል። በፋብሪካው የሚታደለው ቀጭን የእንጨት እጀታ ደግሞ የጀርባውን ብረት ገልጦ ስለሚተወው፣ ያ ግፊት ያለ ምንም መካከለኛ በመዳፍ ላይ ያርፋል፤ ከቃታው ጠባቂ ቀለበት በስተኋላ ያለው ባዶ ስፍራም የመካከለኛውን ጣት አንጓ ይመታል። ሁለት ዓይነት መድኃኒት አለው። አንዱ ያን ባዶ ስፍራ የሚሞላ እጀታ ማድረግ ነው፤ ሁለተኛው ጀርባውን ጭምር የሚሸፍን ማድረግ ነው። ሁለተኛው እጅን ያሳርፋል፤ ነገር ግን ከመዳፍ እስከ ቃታ ያለውን ርቀት ስለሚያስረዝመው እጁ ትንሽ ለሆነ ሰው ጣቱ ቃታውን በደንብ አይደርስበትም። ጣቱ ካልደረሰ ሰውየው ሽጉጡን በእጁ ውስጥ አዙሮ መያዝ ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ግፊቱ በመዳፍ ሳይሆን በአውራ ጣት አንጓ ላይ ይመጣል። እጀታ አምሮ እጅን የሚጎዳበት ምክንያት ይህ ነው።

የእጀታው ርዝመትም እንዲሁ የመለዋወጥ ነገር ነው። ሦስቱም ጣቶች የሚይዙት ረጅም እጀታ ሽጉጡን ጸጥ አድርጎ ይይዛል፤ ግን በኮት ሥር ይታያል። ትንሹ ጣት ከሥሩ የሚታጠፍበት አጭሩ ለመያዝ የሚመች ነው፤ አተኳኮሱ ግን አድካሚ ነው። በሥራ ላይ አፎት ታጥቆ በግልጽ ለሚቆም የጥበቃ ሠራተኛ አጭሩን መሸጥ ደንበኛውን መበደል ነው። ሌላም ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነገር አለ፤ በግራ በኩል ያለው ጠፍጣፋ ከላይ በኩል ካልተቦረቦረ፣ የተተኮሰው ቀለህ ሲወጣ በእጀታው ጠርዝ ተይዞ ይቀራል። ደንበኛው ይህን የሚያውቀው ከገዛ በኋላ ነው፤ ባለሱቁ ግን አስቀድሞ በአውራ ጣቱ ዳስሶ ሊያውቀው ይችላል።

ስለሚሠራበት ነገር ብዙ የሚባል አለ። በድሮ ዘመን የክብር መሣሪያ እጀታ የሚሠራው ከዝሆን ጥርስ ወይም ከአውራሪስ ቀንድ ነበር። የአገራችን የጎራዴና የሾተል እጀታ ከአውራሪስ ቀንድ መሠራቱ የታወቀ ነው፤ የዝሆን ጥርስም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአገር ከሚወጡት ዋና ዋና የንግድ ዕቃዎች አንዱ ነበር። ከቀይ ባሕር ማዶ በየመን ጀምቢያ የሚባለው ጩቤ ዋጋው የሚቈረጠው ከስለቱ ይልቅ በእጀታው ነበር፤ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ወደዚያ አገር የገባው የአውራሪስ ቀንድ ብዛት እንስሳውን ከምሥራቅ አፍሪካ ለማጥፋት እስኪያሠጋ ድረስ ደርሶ፣ የሰሜን የመን መንግሥት በ1982 እ.ኤ.አ. ማስገባቱን ከልክሏል። ከዚያ ወዲህ የሐቀኛ ጀምቢያ ሠሪ የሚጠቀምበት የውሃ ጎሽ ቀንድ ነው።

ኢትዮጵያ በመጥፋት ላይ ስላሉ እንስሳትና ዕፅዋት ዓለም አቀፍ ንግድ የተደረገውን፣ ሳይተስ የሚባለውን ስምምነት የተቀበለችው በ1981 ዓ.ም. (1989 እ.ኤ.አ.) ነው። በዚያው በ1989 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የስምምነቱ አባላት ሎዛን ላይ ተሰብስበው የአፍሪካን ዝሆን ንግዱ ፈጽሞ ከተከለከለባቸው እንስሳት ተርታ አስገቡት። በአገር ውስጥም የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541/1999 ወጥቷል። ነገሩ በወረቀት ብቻ የቀረ አለመሆኑን ለማስረዳት መጋቢት 11 ቀን 2007 ዓ.ም. ከአስኮ ብዙም በማይርቀው በጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል 6.1 ቶን የተያዘ የዝሆን ጥርስ በአደባባይ ተቃጥሏል። ስለዚህ አንድ ደንበኛ ነጭ እጀታ ይዞ መጥቶ «ዝሆን ጥርስ ነው፤ አድስልኝ፤ ወይም ግዛኝ» ቢል፣ ባለሱቁ ለትርፉ ሳይሆን ለራሱ ማሰብ አለበት። አሮጌ ነው መባሉ ብቻ ወረቀት አይሆነውም።

ነጩ ሁሉ ግን ዝሆን ጥርስ አይደለምና መለየቱን ማወቅ ይጠቅማል። የዝሆን ጥርስ በተቈረጠበት ጫፍ በኩል ሲታይ እንደ ወንፊት ሽመና የሚተላለፉ ቀጫጭን መስመሮች ይታዩበታል። አጥንት እነዚህ መስመሮች የሉትም፤ በምትካቸው የደም ሥር ያለፈባቸው ጥቃቅን ጥቋቁር ነጠብጣቦች አሉት። ፕላስቲክ ከሆነ አንዱም የለውም፤ መስመር ቢኖረውም እርስ በርሱ ትይዩ ሆኖ እንጂ እየተቋረጠ አይሄድም። የጋለ መርፌ መትከል የሚባለው ፈተና ዕቃውን ስለሚያበላሽ ለሰው ንብረት አይደረግም። ከሰሜን በረዶ ውስጥ የሚወጣው የማሞዝ ጥርስ በስምምነቱ ዝርዝር ውስጥ የለም፤ ይሁን እንጂ በትንሽ ጠፍጣፋ ላይ ከዝሆኑ መለየቱ ለባለሙያም የሚያስቸግር ስለሆነ፣ ለጉምሩክ የሚያስረዳ የምስክር ወረቀት ከሌለ አስመጪው ቢርቀው ይሻለዋል።

ከውጭ የሚመጣው ቀይ እንጨትም እንዲሁ ነው። በእንግሊዝኛ ሮዝዉድ እየተባለ የሚሸጠው በሳይንስ ስሙ ዳልበርጂያ የሚባለው የዛፍ ወገን በሙሉ ከጥር 2 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚሁ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ገብቷል፤ የብራዚሉ ደግሞ ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጠበቀው ዝርዝር ውስጥ ነው። ስለዚህ አስመጪ ሲያዝ የገበያ ስሙን ሳይሆን የዛፉን ሳይንሳዊ ስም በፋክቱር ላይ እንዲጻፍለት ማስገደድ አለበት። ዋልነት የሚባለው እንጨት፣ የአሜሪካ ፋብሪካዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሙበት፣ እንዲህ ያለ ጣጣ የለበትም።

ከአገር እንጨት ለዚህ ሥራ ከወይራ የሚበልጥ የለም ማለት ይቻላል። ጥቅጥቅ ያለ፣ ከባድ፣ ዘይት ያለው፣ ሲወለወልም ጥቁርና ቡናማ ሐረጉ ደምቆ የሚወጣ ነው፤ ለዱላና ለእርሻ ዕቃ መመረጡም ያለ ምክንያት አይደለም። ጉድለቱ በችኰላ ከደረቀ መሰንጠቁ ነው። ጫፍና ጫፉን በሰም ደፍኖ በጥላ ሥር ወራት ማቆየት ያስፈልጋል፤ በክረምት የተቈረጠና ወዲያው የተቀረጸ እጀታ በአዲስ አበባ ደረቅ የበጋ አየር ውስጥ ሲገባ ከብረቱ ጠርዝ ወደ ውስጥ ይሸሻል። ዋንዛ ለቤት ዕቃ የሚወደደውን ያህል ለዚህ አይሆንም፤ ልስልስ ስለሆነ የብሎኑ መቀመጫ ቶሎ ይላላል። ጽድም እንደዚያው ነው። ከዚህም በላይ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ጽድን ከመንግሥትና ከተጠበቁ ደኖች መቍረጥን የከለከለ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ በተተኩት አዋጆችም በመመናመን ላይ ላሉ አገር በቀል ዛፎች ጥበቃው ቀጥሏል። ለእጀታ የሚሆነው ቁራጭ የመዳፍ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ከአናጢ ቤት የተረፈው ፍልጥ ይበቃል።

የከብት ቀንድ ግን ሰፋ ያለ ወሬ ይገባዋል። ኢትዮጵያ በከብት ብዛት ከአፍሪካ ቀዳሚ ሆና ሳለች ከየቄራው የሚወጣው ቀንድ አብዛኛው እንደ ቆሻሻ ይጣላል። በውጭ አገር የቢላዋና የሽጉጥ እጀታ ሠሪዎች የቀንድ ጠፍጣፋ በጥንድ ይገዛሉ፤ ጥንድ ማለትም ቀለሙና ውፍረቱ ተመሳሳይ የሆነ ግራና ቀኝ ማለት ነው። ነጠላው ምንም ቢያምር ዋጋ የለውም። ቀንድ ከሥሩ በኩል ክፍት፣ ከጫፉ በኩል ድፍን ነው። ክፍቱ በፈላ ውሃ ለስልሶ በመጫኛ ሊጠፈጠፍ ይችላል፤ ችግሩ የቀድሞ ቅርጹን የማይረሳ መሆኑ ነው፤ ሙቀት ባገኘው ቍጥር ወደ ጥንቱ ጠመዝማዛ መመለስ ይጀምራል። ስለዚህ ለቢላዋ፣ በሁለትና በሦስት ምስማር ለሚያዝ፣ ክፍቱ ይሆናል፤ ለሽጉጥ፣ በአንድ ብሎን ብቻ ለሚያዝ፣ ድፍኑ ጫፍ ነው የሚፈለገው። ረጅምና ወፍራም ቀንድ ያላቸው እንደ ራያ ያሉ ከብቶች ለዚህ ተመራጭ የሚሆኑት በዚህ ምክንያት ነው።

ቀንድ ብል ይበላዋል፤ በደንብ ሳይታጠብና ውስጡ ያለው አጥንት ሳይወጣ የተከማቸ ቀንድ ከጥቂት ወራት በኋላ ተበሳስቶ ይገኛል። ላኪ ለመሆን የሚያስብ ሰው ከሁሉ በፊት ማጠቢያና ማድረቂያውን እንጂ መቁረጫ መኪናውን አይግዛ። የእንስሳት ውጤት ስለሆነም የጤና ምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል፤ ገዢው አገር የሚፈልገውን ቅጽ አስቀድሞ ሳይጠይቁ ናሙና መላክ ዕቃውን በወደብ ማስቀረት ነው።

ላስቲክን በሚመለከት ነገሩ አጭር ነው። ግፊቱን ከማናቸውም ነገር ይልቅ የሚያበርድ እርሱ ነው፤ ላብ ያለበት እጅም አያንሸራትተውም። ሆኖም ልብስን ይዞ ስለሚጎትት በኮት ሥር ለሚይዝ አይመችም። ተራው የተፈጥሮ ላስቲክ የመሣሪያ ዘይት ሲነካው ይለሰልስና ይጣበቃል፤ ዘይት የሚቋቋመው ኒዮፕሪን የሚባለው ነው። ስለዚህ ባለሱቁ የላስቲክ ዕቃ ሲያዝ ዓይነቱን ይጠይቅ፤ በፀሐይ በሚመታ መስኮትም አይደርድረው፤ ይደርቅና ይሰነጣጠቃል።

በአስኮ ላሉ ቆዳ ሠሪዎች አንድ ነገር ማሳሰብ ያስፈልጋል። አንዳንድ ደንበኛ የተሰነጠቀውን እጀታ በስስ ቆዳ ጠቅልሎ ማሰፋት ይወዳል፤ ለመያዝም ደስ ይላል። ነገር ግን ቆዳ ላብ ይጠጣል፤ ለልፋቱ የገባበት ጨውና አሲድም ብረቱን ያዝገዋል። ስንጥቁ ከሥር እንዳለ ስለሚቀርም በሚቀጥለው ተኩስ እንጨቱ ተከፍሎ ስለቱ መዳፍ ሊቆርጥ ይችላል። የቆዳው ባለሙያ የሚያተርፍበት አፎቱ ነው፤ እርሱንም ቢሆን ሽጉጡ ሌት ተቀን እንዳያድርበት ለገዢው መንገር ይገባዋል።

አዲሱ እጀታ በልኩ ተሠርቶ ከተሰጠ በኋላ አሮጌው የተሰነጠቀ ቢሆንም አይጣል። በብዙ አሮጌ የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሽጉጦች የቀኙ ጠፍጣፋ ከውስጥ በኩል የሽጉጡ መለያ ቁጥር ተጽፎበት ይገኛል፤ ያ ቁጥር በብረቱ ላይ ካለው ጋር ከተስማማ እጀታው ከፋብሪካው አብሮ የወጣ መሆኑ ይታወቃል፤ ለሰብሳቢውም ሆነ ለወራሹ የመሣሪያው ዋጋ በዚያ ይለካል። ጥንዱን ከነብሎኑ በወረቀት ጠቅልሎ፣ በላዩ ላይ ቀኑን ጽፎ፣ ከአዲሱ ጋር ለባለንብረቱ መመለስ ነው።